ዐሥረኛው አውሮፕላን

«እንዲህ ያለ እጅ አፈር ይብላው!» አለች አክስትየዋ ዓይኗን ከጣሪያው ሳትነቅል። ጣሪያው ላይ ዘጠኝ ትንንሽ አውሮፕላኖች በቀጭን ሽቦ ተንጠልጥለዋል፤ በር በተከፈተ ቁጥር አፍንጫቸውን አብረው ያዞራሉ። ለቀስተኛው ሁሉ አንጋጦ አየና ከንፈሩን መጠጠ።

«የማን እጅ ነው እሱ?» አለች ጥርስ ሠሪዋ። ፔርሙዙን ይዛ ሻይ እየቀዳች ነበር።

«የማን ይሆናል? የወንድሜ ነዋ! የአባትሽ!»

«እትዬ፣ እነዚህን የሠራቸውን እጅ አፈር አልበላውም። ይኸው ሻይ እየቀዳልሽ ነው።»

ስኳር ሲያማስል የነበረ ሰውዬ ማንኪያውን እንደያዘ ቀረ። አክስትየዋ ብርጭቆውን ተቀብላ ዝንብ የገባበት ይመስል ትክ ብላ አየችው።

«ሙት ወቃሽ አያድርግሽ፣ ልጄ» አለች። ድምጿን ዝቅ ያደረገችው ሰው ሁሉ እንዲሰማት ነው።

«ማንን ወቀስኩ? ሻይ ነው የቀዳሁት።»

ጥርስ ሠሪዋ አርባ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ከአንድ የጥርስ ሐኪም ቤት ጀርባ፣ አንድ ጠረጴዛና አንድ መስኮት ባላት ክፍል ውስጥ ተቀምጣ ከሰምና ከጄሶ ሰው ሠራሽ ጥርስ ታወጣለች። የሰፈሩ ሽማግሌ ግማሹ የሚስቀው በእሷ እጅ ነው። አባቷን ከቀበሩ ሦስተኛ ቀናቸው ነበር። እናታቸው ቀድማ ስላለፈች እንግዳ የሚቀበሉት እሷና ታናሽ ወንድሟ ናቸው።

ወንድሟ ርዕሰ መምህር ነው። ለቅሶ ቤት ውስጥ እንኳ ሲራመድ፣ የሰልፍ ደወል የተደወለ ያህል ሰው ወንበሩን ያስተካክላል። ክንዷን ያዘና ወደ ኮሪደሩ አወጣት።

«እታለም፣ ምን እያደረግሽ ነው?»

«እውነት እየተናገርኩ።»

«በዚህ ቀን?»

«በሕይወት ሳለ ‹ሽማግሌ አታስከፊ› ትሉኝ ነበር። ሲሞት ‹ሙት አትውቀሺ›። እስቲ የእውነትን ቀን አንተ ንገረኝ። ማክሰኞ ነው?»

ወንድሟ ከደረት ኪሱ አንድ ጠንከር ያለ ካርድ አወጣ። «ቅዳሜ ከሃንጋሩ ሰዎች ይመጣሉ። ዘጠኙንም ወስደው መግቢያቸው ላይ፣ መስታወት ውስጥ ሊያስቀምጧቸው ነው። ይህን አብረው ያደርጉታል። እኔ ነኝ ያጻፍኩት።»

ሃንጋር የሚሉት አባታቸው አርባ ዓመት የሠራበትን፣ አውሮፕላን የሚጠገንበትን ትልቅ አዳራሽ ነው። ካርዱ ላይ በሚያምር ፊደል የአባታቸው ስም፣ ከሥሩም «በገዛ እጁ የሠራቸው» የሚል ተጽፏል።

«በገዛ እጁ» ብላ አነበበች። ካርዱን መለሰችለት። «እስከ ቅዳሜ ይህን ቀይር። ካልቀየርክ ዘጠኙን አውርጄ ይዤ እሄዳለሁ። የሃንጋሩ ሰዎች ሽቦ ያያሉ።»

«ማስረጃ አለሽ?» አለ፤ ለተማሪ እንደሚለው። «እኔ የማስታውሰው ሁለታችሁም ጠረጴዛው ላይ እንደነበራችሁ ነው። ልጅ ነበርኩ።»

«ልጅ ነበርክ» አለችና ወደ ሻይዋ ተመለሰች።

የጀመረችው በዐሥራ አንድ ዓመቷ ነው። አባቷ ከሥራ ሲመጣ ከኪሱ ባዶ የሲጋራ ፓኮ ያወጣል። ተዘርግቶ ጀርባው ላይ የአንድ አውሮፕላን ልክ ተጽፎበታል፤ የክንፉ ርዝመት፣ የጅራቱ ቁመት፣ ከጎማ እስከ ጎማ ያለው ስፋት። እሷ እያንዳንዱን ቁጥር ለሰባ ሁለት ታካፍላለች። ማካፈል የገባት በትምህርት ቤት ሳይሆን በክንፍ ነው። እንጨቱ ከዕቃ ሣጥን፣ ቆርቆሮው ከወተት ጣሳ፣ የመስኮቷ መስታወት ከመድኃኒት ብልቃጥ ክዳን ይመጣል። እሷ ስትሞርድ አባቷ ፊት ለፊቷ ይቀመጣል፤ እጁን ኮት ኪሱ ውስጥ ይከትና ስለ አውሮፕላኖቹ እንደ ጎረቤት ያማላታል። «ይቺኛዋ ስታርፍ ትንጠባረራለች። ያቺ ባለ ሁለት ሞተሯ ደግሞ ጠዋት ጠዋት ካልተሳለች አትነሳም።»

«አባባ፣ ቁጥሩ ለምን እንዲህ ይወላገዳል?»

«አውቶቡስ ላይ እየጻፍኩት ነዋ!»

አንዳንዴ «ለባልደረቦቼ ላሳያቸው» ይልና አንዱን በጨርቅ ጠቅልሎ ይወስዳል፤ ከርሞ ይመልሰዋል። እሷ ደስ ይላት ነበር። «ምን አሉ?» ስትለው «ጉድ አሉ» ይላታል። ማን እንደሠራው ነግሯቸው እንደሆነ መጠየቅ አልመጣላትም። ማን ይጠይቃል?

ሃያ ዓመት የሞላት ሰሞን መነጽሩን ረስቶ ሄደና ልታደርስለት ሃንጋሩ ሄደች። የአለቃው ክፍል በር ገርበብ ብሏል። እሷ የሠራቻት ባለ ሁለት ሞተሯ ጠረጴዛው ላይ ቆማለች። አለቃው የአባቷን ትከሻ መታ መታ እያደረገ፣ «እነዚህ እጆች ወርቅ ናቸው፣ ወርቅ!» ይላል።

«እግዜር ይስጥልኝ» አለ አባቷ።

ዞር ሲል አያት። እሷ መነጽሩን በሩ አጠገብ ያለ ወንበር ላይ አስቀምጣ ሄደች። በዚያው ሳምንት ሞረዶቿን፣ ምላጮቿን፣ ያልጀመረችውን የዐሥረኛውን አውሮፕላን ልክ በቆርቆሮ ሣጥን ከትታ ዘጋች። እሱ «ምነው ተውሽ?» አላላትም። እሷም አልነገረችውም። ሃያ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ስለ ዝናብ፣ ስለ ጉልበት ሕመም፣ ስለ ልጆች ጤና አወሩ። እንግዳ ጣሪያውን አይቶ ሲያደንቅ አባትየው «ሻይ ይቅረብልህ?» ይል ነበር። ቤተሰቡ ያን ዝምታ ትሕትና አድርጎ ወሰደው።

በአራተኛው ቀን ጋሽ ሪቬት መጡ። ስማቸው አይደለም። የአውሮፕላን ቆርቆሮ የሚያያይዘውን ሪቬት የሚባል ችንካር ሲመቱ ኖረው፣ ጆሯቸውን ለሃንጋሩ ጥለው የወጡ የአባቷ ወዳጅ ናቸው። ጆሯቸው ስለደከመ ሹክሹክታቸው የሌላውን ሰው ጩኸት ያስንቃል። ይህን ራሳቸውም ስለሚያውቁ «ግቢ እንውጣ፤ እኔ ቀስ ብዬ ማውራት አልሆነልኝም» አሏትና ከአጥሩ ጥግ፣ ልብስ ማስጫው ድረስ ወሰዷት።

«የተናገርሽውንም፣ የካርዱንም ነገር ነገሩኝ» አሉ። «ልክ ነሽ። እሱ አልሠራቸውም። ሊሠራቸውም አይችልም ነበር።»

«እርስዎ በምን አወቁ?»

«እጁ ይንቀጠቀጥ ነበራ! አርባ ሳይሞላው ነው የጀመረው። ዓይኑ ግን የጭልፊት ነው፤ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ከሩቅ ያያል። እሱ ያሳየኛል፣ እኔ እመታለሁ። በዚያ እጁ አንድ ሪቬት አልመታም፤ ይህን በፈጣሪ ፊት እመሰክራለሁ። አለቃው ጠረጠረና ‹እጅህን አሳየኝ› ይለው ጀመር። እሱ እጁን ከኪሱ ሳያወጣ ‹ነገ አሳይሃለሁ› አለው። በማግስቱ ያንቺን ሥራ ይዞ መጣ።»

ጥርስ ሠሪዋ የልብስ ማስጫውን ገመድ ያዘች። «መጀመሪያውንም ለዚህ ብሎ ነው ያስጀመረኝ?»

«እንዴት ተደርጎ! አለቃው የመጣው አንቺ ሦስተኛውን ከጨረስሽ በኋላ ነው። ፍቅሩ ቀደመ፤ ችግሩ በኋላ ደረሰ።»

«ታዲያ ለምን አልነገረኝም?»

«ይህ ለልጅ ይነገራል?»

«ለልጅ የማይነገር ከሆነ፣ የልጅ ሥራ እንዴት ይወሰዳል?»

«ካርዱ ቢቀየር ሰው ይጠይቃል» አሉ ሽማግሌው። «‹እሱስ ለምን አልሠራቸውም?› ይላል። ይህን ነገር አርባ ዓመት ገደማ ይዤዋለሁ፣ ልጄ።»

ለአባቷ አዘነችለት። ቁጣዋ ግን ተነስቶ አልሄደም፤ ሁለቱም እንደማይተዋወቁ ለቀስተኞች ጎን ለጎን ተቀመጡ። አንድ ቃል ቢነግራት ኖሮ ሌላ ዘጠኝ ትሠራለት ነበር። በደስታ። እስኪበቃው።

«ጋሼ» አለች፣ «የእጅ መንቀጥቀጥ ኃጢአት አይደለም። ፈጣሪ የሰጠውን ነው የተሸከመው። እሱ ያፈረበትን እኔ አላፍርበትም። ግን እኔም እጄን ኪሴ ከትቼ አልቀመጥም።»

ቅዳሜ ጠዋት የቆርቆሮ ሣጥኑን ይዛ መጣች። የለቅሶውን ጠረጴዛ ጫፍ ከብርጭቆ አጸዳች፤ የተጣጠፈውን ፓኮ ዘረጋች፤ ያመጣችውን ስስ እንጨት አስቀመጠችና ምላጭ አነሳች።

«ምንድነው እሱ? እዚህ ጥርስ ልትሠሪ ነው?» አለች አክስትየዋ።

«አውሮፕላን።»

«ወይ ጉዴ! አባቷ ሞቶ አሻንጉሊት!»

«ሐዘኑ አናቷ ላይ ወጥቶ ነው፤ ተያት» አለ አንድ ድምፅ ከጥግ።

«አናቴ ደህና ነው» አለች ቀና ሳትል። «ጆሮዬም።»

ሃያ ዘጠኝ ዓመት ጥርስ የለመደ እጅ ክንፍን እንደ መንጋጋ ያዘው። የመጀመሪያው ተጣመመ፤ ሁለተኛው መሐሉ ላይ ቀጭ አለ። አጠገቧ የተቀመጡ፣ ጥርሳቸውን እሷ የሠራችላቸው ሽማግሌ ስባሪውን አንስተው አገላበጡት። «ለኔ ድዴን ልትለካ ብቻ ሦስት ወር ነው ያመላለሰችኝ» አሉ ለቤቱ ሁሉ። «ይቺ አውሮፕላን የምትነሳው እኛ ሁላችን ወደ ላይ ከሄድን በኋላ ነው። ምናልባት መንገድ ላይ ታገኘን ይሆናል።»

ሳቅ ሾልኮ ወጣ፤ ወዲያው በእጅ ተሸፈነ። ሦስተኛውን ስትጀምር አውራ ጣቷ የድሮውን ቦታ አገኘ። እንጨቱን ደገፍ፣ ምላጩን ወደ ራሷ ሳብ፣ ትንፋሿን ያዝ፣ ብናኙን እፍ። ለቅሶ ቤት የገባ ሰው ዓይኑን የሚያሳርፍበት ያጣል፤ ወለል አይቶ፣ ጫማ አይቶ ይሰለቸዋል። ቀስ በቀስ ወንበሮቹ ወደ እሷ ዞሩ። አንዷ «ስንት ጊዜ ነው የምታሳንሺው?» ስትል ጠየቀች። «ሰባ ሁለት» ስትላት፣ ሴትየዋ የራሷን ክንድ አይታ ሰባ ሁለት ጊዜ ቢያንስ ምን እንደሚያህል በሐሳቧ ለካች።

ከቀትር በኋላ ርዕሰ መምህሩ ተውሶ ያመጣቸውን ወንበሮች ተሸክሞ ገባና ደጃፉ ላይ ቆመ።

«እታለም! ሰዎቹ አሁን ይመጣሉ። ሰው ምን ይላል?»

«ያለውን ብሎ ጨርሷል። አሁን እያየ ነው።»

ወንበሮቹን አወረደና ቀረብ አለ። እጇን አየ። የክንፉን ጫፍ በአውራ ጣቷ ደግፋ አንዴ ብቻ ታሾለዋለች፤ ጫፉ ወደ ላይ ትንሽ ቀና ይላል። ጣሪያውን አየ። ዘጠኙም ጫፋቸው እንደዚያው ቀና ብሏል። ማስረጃ ብሎ የጠየቀውን ሁለተኛ አላነሳም። ይልቅ የሲጋራ ፓኮውን አነሳ።

«የአባባ ጽሑፍ ነው አይደል? ምነው እንዲህ ተወላገደ?»

«ጋሽ ሪቬትን ጠይቃቸው። ግቢ፣ መስኮቱ ሥር ተቀምጠዋል። ከኔ እንድትሰማው አልፈልግም።»

ወጣ። ጋሽ ሪቬት ጎንበስ ብለው በጆሮው ሹክ አሉት። ቤት ያለው ሁሉ ሰማ። «እጁ! እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር!» ከዚያ የቀረው ሁሉ፣ አለቃውም፣ ፍርሃቱም፣ የልጂቱ ሥራም፣ በመስኮቱ እንደ ሬዲዮ ገባ። ማንም ብርጭቆ አላነሳም። ጥርስ ሠሪዋ ምላጩን አላቆመችም።

«ሻይ ሞልቼ ስቀዳለት ይቆጣኝ ነበር» አለች አክስትየዋ ለማንም ሳትነግር። «‹ግማሽ ብቻ!› ይለኛል። የናቀኝ መስሎኝ ስንት ዘመን ቂም ያዝኩበት። እኔ እህቱ… እኔ እህቱ አላየሁም።» ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች።

ርዕሰ መምህሩ ሲመለስ ደወሉ የተሰበረበት ይመስል ነበር። ከእህቱ ፊት ለፊት ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ከደረት ኪሱ ካርዱን አወጣ፣ ለሁለት ቀደደው፣ ቁርጥራጩን የት እንደሚጥል ስላጣ መልሶ ኪሱ ከተተው።

«ምን ልሥራ?» አላት።

ክንፉን ቀድማ በቀረጸችው የአውሮፕላኑ ሆድ ላይ በኮላ አጣብቃ ሰጠችው። «ይህን ያዝ። በሁለት እጅህ። እስኪጠና ድረስ ትንፋሽህን እንኳ ቀስ አድርገው። ካነቃነቅከው አብረን እንደገና እንጀምራለን።»

በሩ ተንኳኳ። ከሃንጋሩ ሦስት ሰዎች ገቡ፤ አዲሱ አለቃ ባዶ ካርቶን ታቅፏል። ቤቱ በሙሉ ተነሳ። ርዕሰ መምህሩ ብቻ ከወንበሩ አልተነቃነቀም።

«ይቅርታ፣ አልነሳላችሁም» አለ። «የእህቴን አውሮፕላን ይዣለሁ።»

አለቃው ግር ብሎት ወደ ጣሪያው አየ። «እነዚያስ?»

«እነዚያም የእሷ ናቸው። አባታችን ለካ፣ እሷ ሠራች። እንዲህ ተብሎ ከተጻፈ ውሰዷቸው። ካልሆነ ከዚህ ቤት አይወጡም።»

«እንዴታ!» አለች አክስትየዋ ከነጠላዋ ውስጥ።

አለቃው ካርቶኑን መሬት አስቀምጦ ወንበር ፈለገ። የርዕሰ መምህሩ ዕንባ በሁለቱም ጉንጩ ወርዶ አገጩ ላይ ደረሰ። የሚጠርግበት እጅ አልነበረውም። ጣቶቹ ክንፉን ይዘው ደርቀው፣ እህቱን ቀና ብሎ አያት።

ሞረዷን አስቀመጠች። የሹራቧን እጅጌ እስከ መዳፏ ሳበችና መጀመሪያ አንዱን ጉንጩን፣ ቀጥላ ሌላውን ጠረገችለት።

«እንዳትነቃነቅ» አለችው። በዚያው በረጠበው እጅጌ የራሷን ዓይን ጠረገች።