ምሰሶ የሌለው መድረክ

ታናሽ እህቴ የዳንስ መምህርት ናት፤ እኔ የተማሪዎቿን ልብስ እሰፋለሁ። ስቱዲዮዋ ከጎማ ጥገና ቤት በላይ ያለ አንድ ክፍል ነው። አንዱ ግድግዳ ሙሉ መስታወት፣ ወለሉ ጣውላ፣ መሀሉ ላይ ደግሞ የሲሚንቶ ምሰሶ ተገትሯል። ያንን ቤት ያሠራውን ሰውዬ ስንቴ እንደረገምኩት እኔ ነኝ የማውቀው። ያም ሆኖ ከዚያ ክፍል የወጡ ዳንሶች ሁለት ዋንጫ አምጥተዋል። እስከ አምና ልጆቹ መስታወቱ ፊት ተሰልፈው ነበር የሚጨፍሩት። ዘንድሮ ግን እህቴ ክፍሉን የሚያካልል፣ ሩጫ የበዛበት ዳንስ ሠራች።

ልጄ አሥራ አራት ዓመቷ ነው፤ ቁመቷ ግን አይጣል! ሎጋ ነው የሚሏት። ሁለት ዓመት ሙሉ ተጠባባቂ ናት። ስምንቱ ይጨፍራሉ፣ እሷ ጥግ ይዛ ትሸመድዳለች። እህቴን ስጠይቃት፣ «በቁመት ከሰልፉ ትበልጣለች፤ ደግሞ የእህቷን ልጅ አስገባች ይሉኛል» ትላለች። ይበሏታ! ከርሞ የልጄ ዕድሜ ከታዳጊዎች ውድድር ያልፋል። አንዴ እንኳ መድረክ ሳትረግጥ ልትቀር ነው ብዬ አንጀቴ አርሮ ነበር።

የውድድሩ ቀን ጠዋት ለየቡድኑ መድረኩ ላይ አሥር ደቂቃ መለማመጃ ተሰጠ። ሙዚቃው ተጀመረ። ልጆቹ እየሮጡ መሀል ሲደርሱ ሁሉም ጠመም ብለው ያልፋሉ። ምንም የለም'ኮ! ስምንት ወር ምሰሶውን ሲዞሩ ከርመው እግራቸው ለምዶታል።

«ቀጥ በሉ! በመሀል እለፉ!» ብላ እህቴ ጮኸች። ቀጥ ሲሉ ተጋጩ። እንዝርት የምንላት፣ መሾር የጀመረች እንደሆነ የማትቆመው ልጅ፣ በቂጧ ዘጭ አለች።

«ቲቸር፣ ምሰሶው የታለ?» ብላ አለቀሰች።

ሳቄ መጣ፤ የእህቴን ፊት ሳይ ዋጥኩት። እሷ ግን ሎጋን ነበር የምታየው።

«ነይ እስቲ፣ እዚህ ቁሚ። እጅሽን ወደ ላይ። እንዳትነቃነቂ» አለቻት።

ሙዚቃው እንደገና ሲጀመር ስምንቱ ልጄን እየዞሩ ልክ እንደ ስቱዲዮው ጨፈሩ። አንድም የተጋጨ የለም።

እኔ ግን ደሜ ፈላ። እህቴን ከመጋረጃው ጀርባ ጎትቼ፣ «ሁለት ዓመት አስጠብቀሽ ልጄን ምሰሶ ታደርጊያታለሽ? ሰው ይሳቅባት?» አልኳት።

«እትዬ፣ ቀስ በይ እንጂ...»

«ቀስ አልልም! ልጄ ዕቃ አይደለችም!»

ለካ ሎጋ ከኋላችን ቆማለች። «እማዬ፣ በናትሽ አትበጥብጪ» አለች። ቀሚሴን ጎተተችኝ። «እኔ እፈልጋለሁ። እንዳታስቀሪኝ።»

ዘጠነኛ ልብስ አልሰፋሁም ነበር። ጥቁር የልምምድ ልብሷ ላይ የተረፈኝን ቀይ ጨርቅ በጥድፊያ ሰፋሁላት። ስጣደፍ ጣቴን ሁለቴ ወጋሁት። ተጠባባቂ ስለሆነች ስሟ ተመዝግቧል፤ አዘጋጆቹም አልከለከሏትም።

ተራቸው ሲደርስ ሎጋ መሀል ላይ ቆመች፣ ክንዶቿ ወደ ላይ። ስምንቱ ቀሚሳቸው እየነካካት ሲዞሯት ሦስት ደቂቃ ሙሉ ቅንድቧ እንኳ አልተነቃነቀም። ሙዚቃው አለቀ። ስምንቱ እጅ ነስተው ወጡ። ሎጋ እዚያው ናት! ምሰሶ መቼ እንደሚወጣ ማንም አልነገራትማ። እኔና እህቴ ከመጋረጃው ጀርባ «ነይ! ነይ!» ብንል ወይ ፍንክች። ሰው መሳቅ ጀመረ። ይኸው የፈራሁት ደረሰ አልኩ።

ከዚያ ቀስ ብላ ክንዶቿን አወረደች። ዝቅ ብላ እጅ ነሳች። ቀና ስትል አዳራሹ በሙሉ ከወንበሩ ተነስቶ ያጨበጭባል። አጠገቤ የቆመችውን የሌላ ቡድን ልብስ ሰፊ ክንዷን ይዤ፣ «የኔ ናት! የኔ ልጅ ናት!» እያልኩ አደነቆርኳት።

አንደኛ ወጡ። ከዳኞቹ አንዷ መሀል ላይ ልጅ ማቆሙን ማን እንዳሰበው ስትጠይቅ፣ እህቴ ምንም ሳታፍር «ከመጀመሪያው አስበነው ነበር» አለች። ውሸታም! ግን በዚያች ሰዓት ብትዋሽም ወደድኳት፤ አቅፌ ሳምኳት።

ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ሎጋ እግሯን ጭኔ ላይ ዘረጋች። ቁርጭምጭሚቷን ሳሽላት ባቷ ገና ይርገበገባል።

«መቆም እንዲህ ያደክማል እንዴ፣ እናቴ?» አልኳት።

«ማን ቆመ?» አለችኝ፣ ፊቷ በርቶ። «ስጨፍር ነበር'ኮ!»