ዶሮዋን ማን ሰረቃት?

አክስቴ አራንካ ወደ ቤተ መዛግብታችን የመጡት ሟች እህታቸውን ሊከሱ ነበር። አክስቴ የምላቸው በአክብሮት ነው እንጂ አንዛመድም፤ አውሮፓ ውስጥ በየአገሩ ከሚኖረው የሮማ ሕዝብ የተወለዱ፣ ሰማንያ ያለፋቸው ሴት ናቸው፤ በከተማችን በባንስካ ቢስትሪጻ ገበያ አበባ ሲሸጡ የማያውቃቸው የለም። ገና እንደገቡ ስልካቸውን ጠረጴዛዬ ላይ ወረወሩት።

«ይሄን ነገር አጥፊው!»

ነገሩ የእኛው ሥራ ነው። ከናዚዎች እልቂት የተረፉ አይሁዶችና ሮማዎች ድሮ በቴፕ የሰጡትን ምስክርነት ድረ ገጽ ላይ ጫንነው። አንድ ቃል የጻፈ ሰው፣ ያ ቃል የተነገረበትን ቦታ ሁሉ መስማት ይችላል። የአክስቴ አራንካ ጎረቤቶች የሰፈራቸውን ስም ቢጽፉ ማርጊታን አገኙ። ማርጊታ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ በጦርነቱ ማብቂያ ጫካ ውስጥ ጉድጓድ ቆፍረው ስለተደበቁበት ጊዜ ስታወራ እንዲህ ብላለች፦ «ታናሼ አራንካ ከመንደር ዶሮ ሰርቃ መጣች። የዶሮዋ ጩኸት ሊያስጨርሰን ነበር።»

«የሰረቀችው ራሷ ናት!» አሉ አክስቴ አራንካ። «እኔ ደጅ ቆሜ ጠበቅሁ እንጂ! አሁን ሰፈሩ በሙሉ ሲያየኝ እንደ ዶሮ ያስካካል። የእኛ የሮማዎች ስም ሲነሳ መቼም የዶሮ ሌባ መባል አይቀርም፤ ጭራሽ በገዛ እህቴ አፍ?»

«አክስቴ፣ ምስክርነት አይሰረዝም። የእርስዎን ቃል ግን ከጎኑ እናኖራለን። ይናገሩ፣ እንቅረጽዎ።»

«አልቀረጽም! ስንት ዓመት ለምናችሁኝ እምቢ ብያለሁ። ታሪኩ ጠፍቶብኝ መሰለሽ? ማውራቱ ነው የሚከብደኝ።»

የጫካውን ስምና «ዶሮ» የሚለውን ቃል አንድ ላይ ጻፍኩ። ከማርጊታ ሌላ የአንድ ሰው ቃል ተገኘ፤ ኤሚል ቫይስ የሚባል አይሁዳዊ ልብስ ሰፊ፣ ሌላ አገር ሆኖ የተናገረው።

«ኤሚል!» ብለው ጮኹ። «ጉድጓዱ ውስጥ ከእኛ ጋር ነበር። እናቴ ናት ያስገባችው።»

ማዳመጫውን ጆሯቸው ላይ አደረግሁላቸው። ኤሚል በቀስታ ይናገራል፦ «ልጆቹ በረሃብ ሲያለቅሱ አላስቻለኝም። ወርጄ አንዲት ዶሮ ሰረቅሁ።»

ደስ የሚላቸው መስሎኝ ነበር። ከስርቆቱ ነጻ ወጡ አይደል?

«ውሸታም!» ብለው ብድግ አሉ። «እሱ? ዝይ አይቶ የሚሸሽ ሰው? ዶሮዋን ያመጣናት እኛ ነን! የማርጊታን እግር ውሻ ነክሶት፣ የእኔ እጅ በውርጭ ተላልጦ! እሱ ያደረገው ዶሮዋን ካፖርቱ ውስጥ ከቶ አፏን መያዝ ነው፤ ያውም ጣቱን ስትነክሰው እንደ ሕፃን አለቀሰ።»

«ደጅ ቆሜ ጠበቅሁ ብቻ አላሉኝም?»

ገላመጡኝ። «ክፈቺው ያንን መቅረጫ።»

ከዶሮዋ ጀመሩ፤ እኔም እሳቸውም በሳቅ ፈረስን። ቀጥሎ አባታቸው ጨው ፍለጋ ወርደው የቀሩበት ማለዳ መጣ። የተኩሱን ድምፅ ጉድጓዱ ውስጥ ሆነው ሰሙት። እናታቸው እንዳይጮኹ አፋቸውን አፈነቻቸው። ከዚያም ናዚዎች የወሰዷቸውን ወንድሞቻቸውን ስም ጠሩ፤ ጉስታቭ፣ ባርናባሽ፣ ትንሹ ሽቴፋን። እነዚህ ስሞች እኛ ዘንድ አልነበሩም። ማርጊታ እንኳ ልትጠራቸው አልቻለችም ነበር። አክስቴ አራንካ ውሃ ጠጡና ቀጠሉ።

ዛሬ ያንን ጫካ የሚፈልግ ሰው ሦስት ድምፅ ይሰማል፤ ሦስቱ በዶሮዋ ጉዳይ አይስማሙም። ማናቸው ልክ እንደሆኑ ሲጠይቁኝ አላውቅም እላለሁ።

ቀረጻው እንዳለቀ ወደ ቤታቸው የሚሄዱ መስሎኝ ካፖርታቸውን አቀበልኳቸው። አልተቀበሉኝም።

«የማርጊታን ክፈቺልኝ። በስልኬ ስሰማ ዶሮዋ ጋ ስደርስ ተናድጄ ነው የዘጋሁት፤ ቀሪውን አልሰማሁም።»

ማዳመጫውን ራሳቸው አጠለቁና ዓይናቸውን ጨፈኑ። ትንሽ ቆይተው፣ ቤተ መዛግብቱ ውስጥ የሚያነቡት ሰዎች በሙሉ ዞር እስኪሉ፣ «ተይ እንጂ ማርጊታ!» ብለው በሳቅ ጮኹ።