ከልቅሶው በፊት የፈሰሰ ውሃ

በኤልደርፎርድ መንደር መሐል ቆሞ «ዊልያም!» ብሎ የተጣራ ሰው፣ አሥራ አንድ ልጅና አንድ ውሻ ነበር የሚመጣለት። የመንደሩ ጌታ ስሙ ዊልያም ነው፤ ምስለኔው ፉልክ ደግሞ ወንድ በተወለደ ቁጥር «የክርስትና አባቱ እኔ ነኝ» እያለ ይመጣል። ስም የሚያወጣው የክርስትና አባት ነው፤ እምቢ የሚለው ማን ወንድ ነው? ሰው ልጆቹን ለመለየት ዊልያም አፍንጫው፣ ዊልያም አልቃሻው፣ የወፍጮ ቤቱ ዊልያም ይል ጀመር። ውሻውን ማን እንደሰየመው አይታወቅም። ይታወቃል እንጂ፣ የሚናገር የለም።

አዋላጇ እማማ ኤልጊቫ ይሄ ነገር ያንገበግባታል። ድሮ እሷ በእጇ የተቀበለቻቸው ወንዶች ስማቸው ይናገር ነበር፦ ሊዮፍዊን፣ «ውድ ወዳጅ»፤ ዱንስታን፣ «የኮረብታ ድንጋይ»። «ዊልያምስ ምን ማለት ነው?» ብለው ሲጠይቋት፣ «ተንበርከክ ማለት ነው» ትላለች።

እንግዲህ አንድ ቀን ጠዋት፣ ማታ የተወለደ ሕፃን ታቅፋ ወደ ቤተ ክርስቲያን ልትሄድ ተነሳች። የሕፃኑ አባት ዉልፍኖዝ ይባል ነበር። የንጉሥ አጋዘን ገድለሃል ተብሎ ከአራት ወር በፊት ፉልክ ያሰቀለው ሰው ነው። ማሰቀሉ አልበቃው ብሎ፣ «ከእንግዲህ በዚህ መንደር የዚህን ሌባ ስም የጠራ ይገረፋል!» ብሎ አሳወጀ። ሬሳውንም ለዘመድ አልሰጠም።

እናትየዋ ሱኒቫ አራስ ናትና ከቤት አትወጣም። ልጁን ስታስረክብ የእማማን ክንድ ጭምድድ አድርጋ ያዘች።

«ዊልያም አድርገው ከሰጡሽ እንዳታመጪብኝ።»

«አፍሽን ያዢ! ልጅ ይጣላል እንዴ?»

«ባሌን ያሰቀለብኝ ሰው ያወጣውን ስም እየጠራሁ አላጠባም፣ እማማ። መቃብሩን ከለከሉኝ። ስሙን ደግሞ?»

ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይላሉ፤ መቃብር ለሌለው ሰው ታዲያ ሌላ ምን ቀረው? እማማ ኤልጊቫ ልጁን በብርድ ልብስ ጠቅልላ ወጣች።

የቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ላይ ፉልክ አዲስ ካባውን ደርቦ ይጠብቃታል። ከኋላው መንደርተኛው ተሰብስቧል። አባ ሮበርት ሲያጠምቁ በሕፃኑ አፍ የሚያደርጉትን ጨው በሳህን ይዘው ወጡ፤ እዚያው መንደር ተወልደው ያደጉ፣ ገና ሠላሳ ዓመት ያልሞላቸው፣ ምስለኔው ሲያስነጥስ የሚደነግጡ ቄስ ናቸው። የተለመደውን ጥያቄ በተለመደው ድምፅ ጠየቁ።

«ወንድ ነው ሴት?»

«ወንድ።»

«ቤት ውስጥ ተጠምቋል?»

ለዚህ ጥያቄ መልሱ ሁልጊዜ «አልተጠመቀም» ስለሆነ፣ አባ ሳይጠብቁ ጨዉን ቆንጥረው ነበር።

«ተጠምቋል» አለች እማማ ኤልጊቫ።

ጨዉ ከጣታቸው ረገፈ።

«እኔ ነኝ ያጠመቅሁት። ዉልፍኖዝ ይባላል። የተኩላ ድፍረት ማለት ነው፣ የማያውቅ ካለ።»

ከኋላ አንዲት ሴት «ወይ ጉድ!» አለች። ሕፃኑ ይህን ጊዜ አፉን ከፍቶ አካባቢውን በጩኸት አናጋው። ፉልክ ሳቀ።

«አዋላጅ የምታጠምቀው ሊሞት ያለ ልጅ ብቻ ነው። ይሄ ነው ሊሞት የነበረው? ደወል የዋጠ ነው የሚመስለው!»

«አሁንማ ይጮኻል፤ ሲወጣ ግን አልጮኸም። ጌቶች ስንት ልጅ ተቀብለዋል? ሕፃን ሁሉ እስኪጮህ ድረስ የየትኛው ዓለም እንደሆነ አይታወቅም። ቁጭ ብዬ ልጠብቅ ኖሯል? ውሃውን አፈሰስኩበት፤ ከዚያ ጮኸ። ከዋሸሁ ዓይኔን ግንባር ያድርገው!»

አልዋሸችም። ዝምታው አንድ ትንፋሽ እንኳ እንዳልሞላ፣ ውሃውንም ልጁ ሳይመጣ ቀድማ አዘጋጅታ እንደነበር ግን የጠየቃት የለም፤ ያልተጠየቀችውን ደግሞ አትመልስም።

«ምን ብለሽ አጠመቅሽ?» አሉ አባ።

«ዉልፍኖዝ ሆይ፣ በአብ፣ በወልድ፣ በመንፈስ ቅዱስ ስም አጠምቅሃለሁ።»

«ቃሉ . . . ቃሉስ ልክ ነው» አሉ አባ በለሆሳስ።

«ምኑ ነው ልክ!» ፉልክ ጮኸ። «የቤተ ክርስቲያኑን ቋንቋ ትታ በገበሬ ቋንቋ! የአሮጊት ውሃ ውሃ ነው፣ ሌላ ምንም አይደለም። አጥምቀው አባ! ዊልያም በለው!»

አባ ሮበርት ፉልክን አዩት። አሮጊቷን አዩ። ከዚያ አንገታቸውን ደፍተው እጃቸውን ወደ ሕፃኑ ዘረጉ። እማማ ኤልጊቫ ያን ጊዜ ደሟ ፈላ፤ «እርስዎ» ማለቱም ከአፏ ጠፋ።

«ዉልፍማር!» ብላ ጮኸች።

ሰው ሁሉ ማንን ነው ብሎ ዞረ። የቄሱ ጆሮ ግን ቀላ። ቅስና ሊማሩ ሄደው፣ ጓደኞቻቸው ሲስቁባቸው፣ እዚያው ጥለውት የመጡት የልጅነት ስማቸው ነው።

«አንተ ስትወለድ እትብትህ አንገትህ ላይ ተጠምጥሞ፣ ጠቁረህ ነበር የወጣኸው። ማነው ያጠመቀህ?»

«አንቺ ነሽ፣ እማማ።»

«በምን ቋንቋ?»

«በእኛው።»

«ሌላ ሰው ደግሞ አጥምቆህ ያውቃል?»

«ኧረ ማንም አላጠመቀኝም።»

«ስሙ እንግዲህ፣ ጎረቤት! የእኔ ውሃ ውሃ ብቻ ከሆነ ይሄ ሰው ክርስቲያን አይደለም። ክርስቲያን ካልሆነ ቄስ አይደለም። ቄስ ካልሆነ . . .» ቀስ ብላ ወደ ፉልክ ዞረች። «ዓምና የጌቶችን ጋብቻ የባረከው ማነው? እመቤቲቱ ሆድ ያለው ወራሽስ ምን ሊባል ነው?»

«ዲቃላ!» የሚል ድምፅ ከወደ ኋላ መጣ። ሳቁ ፈነዳ። ፉልክ ማን እንዳለው ለማየት ቢዞር፣ ሁሉም መሬት መሬት ያያል።

«አስገርፍሻለሁ!» አለ፤ ድምፁ ተሰነጠቀ። «የዚያን ሰው ስም መጥራት ክልክል ነው!»

«እኔ የጠራሁት የልጁን ነው። ያስገርፉኝ፣ ጌቶች! ሰባ ዓመት የሠራ ጀርባ ነው፣ ለማን ልቆጥበው? ግን እመቤት ወራቸው ገብቷል። የተገረፈ ክንድ ልጅ አይቀበልም፤ በዚህ አገር ደግሞ ከእኔ ሌላ አዋላጅ የለም።»

ፉልክ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ። አባም ቀና አሉ። እጃቸውን ወደ ጨዉ ሳህን መለሱ።

«የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም። ሁለት ጊዜ ማጥመቅ ኃጢአት ነው። ሕፃኑ ክርስቲያን ነው፣ ስሙም ዉልፍኖዝ ነው። የቀረው ጨዉና ጸሎቱ ብቻ ነው።»

ፉልክ ካባውን ሰብስቦ ጸሎቱን ሳይጠብቅ ሄደ። የእማማ ኤልጊቫ አንጀት ቅቤ ጠጣ።

ወደ ቤት ስትመለስ ሰው አላሳልፋት አለ። ሁሉም ከቤተ ክርስቲያኑ ቀድመዋት በየደጃፋቸው ቆመዋል፤ ሁሉም ስሙን በጆሯቸው ሰምተዋል።

«እማማ፣ ልጁን ማን አላችሁት?»

«ዉልፍኖዝ!»

«ዉልፍኖዝ!» ትላለች ጠያቂዋ ጮክ ብላ፤ ለቀጣዩ ቤት ታቀብላለች። አንጥረኛው መዶሻውን ጥሎ ወጥቶ ጠራው። የወፍጮ ቤቱ ሽማግሌ ሁለቴ ጠራው፤ ሦስተኛውን እንባ ከለከለው። አራት ወር በየጉሮሮው ታንቆ የከረመ ስም ነዋ! ሕፃን በስሙ ተጠራ ብሎ ደግሞ ማን ማንን ይገርፋል?

ስሙ ከእማማ እግር ቀድሞ ደረሰ። ሱኒቫ፣ አራስ መሆኗን ረስታ፣ በሩን በርግዳ ከፍታ ቆማለች። ፊቷ በእንባ ርሷል።

«ማንን ነው ያመጣሽልኝ?» አለች፣ ያልሰማች ይመስል።

«ዉልፍኖዝን።»

«እስቲ ድገሚልኝ።»

እማማ ኤልጊቫ ወደ ምስለኔው ቤት ዞረችና፣ ባላት ጉልበት ሁሉ ጮኻ ደገመችላት።