የፈቀደ አሥራ ሁለት አገሮች

"ቆይ እስቲ፣ ካርቶኑን ልገልብጠው" አለ ሀይረዲን።

"ኧረ ተው፣ ይደባለቅብሃል!" አለች ብዙወርቅ።

ማን ሰምቷት! የሳሪስ አቦው መጽሐፍ አከራይ ደንበኞቹ በመያዣነት የተዉለትን የቀበሌ መታወቂያ ሁሉ ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈው። ተማሪው፣ ነጋዴው፣ ወታደሩ፣ ሁሉም ፎቶው ላይ የተቆጣ ይመስላል።

ብዙወርቅ ከመካከላቸው የባሏን ፊት ፈለገች። ፈቀደ ከሞተ ሁለት ወሩ ነው። ለጡረታው ጉዳይ መታወቂያውን አምጪ ብለዋታል፤ መታወቂያው ደግሞ የአንድ ጃፓን ልብ ወለድ መያዣ ሆኖ እዚህ ቀርቷል። መጽሐፉን ብብቷ ሥር ይዛዋለች።

ፈቀደ የምድር ባቡር መካኒክ ነበር። ባቡሩ ሥራ ካቆመ ወዲህ አቃቂ ጣቢያ እየሄደ ሐዲዱ ላይ የበቀለውን ሣር ሲያይ ይውል ነበር፣ ምስኪን። አንድ ቀን ግን ብድግ አለና፣ "ብዙዬ፣ ዕድሜ ልኬን ባቡር ስጠግን ኖሬ ከድሬዳዋ አላለፍኩም። ዘንድሮ አሥራ ሁለት አገር እሄዳለሁ" አላት።

"በየትኛው ጉልበትህ?"

"በመነጽሬ።"

በየወሩ አንድ አገር፣ ከየአገሩ አንድ ወደ አማርኛ የተተረጎመ መጽሐፍ። በሩሲያ ጀመረ፤ በጠራራ ፀሐይ ጋቢ ደርቦ አነበበው። የናይጄሪያውን ሲጨርስ፣ "ሰዎቹ እኮ ለቅሶ የሚደርሱት እንደኛው ነው!" እያለ ጎረቤቱን አስቸገረ። የህንዱ ላይ መጽሐፉ ውስጥ ካለች አንዲት አማት ጋር ተጣልቶ ሳምንቱን ሙሉ ሲሰድባት ከረመ። ብዙወርቅ ከምትሠራበት ክር ፋብሪካ ስትመለስ እግሯን በሞቀ ውሃ ነክራ ትቀመጣለች፣ እሱ ያነበበውን ይተርክላታል። ያ ጊዜ እንዴት ደስ ይል ነበር!

"ይኸው ጋሽ ፈቀደ! ነፍሳቸውን ይማር" ሀይረዲን መታወቂያውን አቀበላት። "መጽሐፉን ይስጡኝና ይሂዱ፣ እትዬ። እኚህ መምህር ከትናንት ጀምሮ እየጠበቁት ነው።"

አጠገቧ የቆመው ጎልማሳ እጁን ዘረጋ። ብዙወርቅ ግን መጽሐፉን አልለቀቀችም።

"ሀይረዲን፣ ጃንጥላ ሠሪው ልጁን አገኛት?"

"የቱ ጃንጥላ ሠሪ?"

"መጽሐፉ ውስጥ ያለው ነዋ!"

"ወላሂ አላውቅም። እኔ አከራያለሁ እንጂ መቼ አነባለሁ?"

ሳቋ መጣ፤ እንባዋ ግን ቀደመው።

"ሲተርክልኝ እንቅልፍ ይወስደኝ ነበር" አለች። "'እየሰማሽኝ ነው?' ሲለኝ 'አዎ' እለዋለሁ፣ ውሸቴን። አሥራ አንድ አገር ይዞኝ ሲዞር እኔ ተኝቻለሁ። ይኸው፣ ጃፓንን ሳይጨርስ እዚህ ገጽ ላይ አጥፎት ሄደ።"

መምህሩ እጁን ሰበሰበ። "ይውሰዱት፣ እናቴ። እኔ ሌላ እፈልጋለሁ።"

"ማንበብ ይችላሉ እንዴ?" አላት ሀይረዲን ቀስ ብሎ።

"መሠረተ ትምህርት ተምሬያለሁ። እዘገያለሁ እንጂ አያቅተኝም።"

"እንግዲያው ከታጠፈው ወዲያ ያለው ጥቂት ነው። በአንድ ሳምንት ይጨርሱታል።"

ብዙወርቅ የታጠፈውን ገጽ ገልጣ አየችው። ሁለት መስመር በከንፈሯ አነበበችና ከደነችው። ከዚያ መጽሐፉን ለመምህሩ አቀበለችው።

"አንብበው፣ ልጄ። አደራ፣ ያጠፈውን ገጽ እንዳትዘረጋው።"

"እርስዎስ?"

"ጃፓን ተራው ሲደርስ እወስደዋለሁ።"

የፈቀደን መታወቂያ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና የራሷን አውጥታ ሀይረዲን ፊት አስቀመጠች።

"የሩሲያውን አምጣልኝ" አለችው።