ግራ እግር የሚለው ካርድ

በጡረታ መሥሪያ ቤቱ መዝገብ ቤት የምትሠራዋን ሴት ባልደረቦቿ «መርማሪዋ» ይሏታል። ነገር ከያዘች አትለቅም፤ በማያገባት ጥልቅ ስትል የማይስቅባት የለም። እሷ እቴ፣ ደንታም የላት።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በዘመቻ የቆሰለ ሃምሳ አለቃ እያነከሰ መጣ። የጉዳት ጡረታ ተከልክሏል፤ ይግባኝ የሚልበት ጊዜ ደግሞ ያን ዕለት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ያበቃል። የተከለከለውም ከግንባር የመጣው የሕክምና ካርድ «ግራ እግር» ስለሚል ነው። ሰውየው የሚያነክሰው ግን በቀኙ ነው፤ ስለዚህ አጭበርባሪ ተብሏል።

«ማመልከቻዬን ብቻ ተቀበይኝ፣ እህቴ» አላት።

እሷ ግን ዓይኗ ካርዱ ላይ ቀረ። ሊያጭበረብር የመጣ ሰው እንዴት በየትኛው እግሩ እንደሚያነክስ ይጠፋዋል? ነገሩ ከነከናት።

«ጋሼ፣ ይሄን የጻፈው ማነው?»

«የሻለቃችን የሕክምና ረዳት ነዋ። ለሥራው አዲስ ነበር። ፊቴ ተንበርክኮ እግሬን እያሰረ ነው የጻፈው።»

«ፊትዎ?»

«ታዲያ ከኋላዬ ሆኖ ሊያስረው ነው?»

ሳቋ አመለጣት። ከጠረጴዛዋ ወጥታ፣ ተራ ጠባቂው ሁሉ እያያት፣ ሃምሳ አለቃው ፊት በርከክ አለች። የሚያነክስበት እግር በእሷ በግራ በኩል ነው።

«ይኸው! የጻፈው የራሱን ግራ ነው!»

«ይሄን ብነግራቸው ያምኑኛል?»

«አያምኑዎትም» አለችው ሳታባብል። «ይጠብቁኝ።»

መደርደሪያዎቹ መሃል ገብታ የዚያን ሻለቃ ጦር ቁስለኞች ፋይሎች አንድ በአንድ አወረደች። አቧራው አስነጠሳት። የሃምሳ አለቃውን ጨምሮ ያ ረዳት የፈረመባቸው ሰባት ካርዶች ተገኙ። እሱ ግራ ያለውን በኋላ ቁስለኞቹን የመረመረው የሐኪሞች ቦርድ ቀኝ ብሎታል፤ ቀኝ ያለውን ግራ። አንድም ያልተገለበጠ የለም። ደስታዋ እልል ሊያሰኛት ምንም አልቀረው።

የክፍሉ ኃላፊ ሰባቱን ካርዶች ጎን ለጎን አድርጎ አያቸው፤ ደግሞ አያቸው፤ ከዚያ የሃምሳ አለቃውን ጉዳይ እንደገና እንዲታይ መራው። ለአሥራ አንድ ሰዓት ሩብ ጉዳይ ነበር።

ስትነግረው ሃምሳ አለቃው ወንበሩ ላይ ዘፍ አለ። ከዚያ ቀና አለና፣ «ሰባት ነን አልሽኝ?» አላት። «ስድስቱስ?»

ያኔ ፋይሎቹን እንደገና ገለጠች። የስድስቱም ይግባኝ ጊዜ ካለፈ ቆይቷል። ለእያንዳንዳቸው «ሐሰተኛ ማስረጃ ስላቀረቡ» የሚል ደብዳቤ ወጥቶላቸዋል። ደብዳቤዎቹን ያረቀቀችው ራሷ ናት፤ ስድስቱንም። ስታረቅቃቸው ግን አንዱም አልከነከናትም። አፈረች፤ ፊቷ ጋለ።

«ቤታቸውን ያውቁታል?» አለችው ቀስ ብላ።

«የሁለቱን አውቃለሁ። አንዱ ግን የለም። ሰፈሩ ውሸታም እያለው ነው የሞተው። ሚስቱን ታገኛታለሽ።»

ስድስቱን ፋይሎች አቅፋ ተነሣች።