የበርሜሉ ውሃ

የቤተ ሙከራው ጽዳት ሠራተኛ ንጋቷ የበርሜሉን ክዳን አንስታ በረኪና ስታንቆረቁርበት፣ ተመራማሪዋ ሱዕዲ በሩ ላይ ቆማ አየቻት።

«እትዬ ንጋቷ፣ ከመቼ ጀምሮ ነው እንዲህ የሚያደርጉት?»

«የቧንቧው ውሃ ከጠፋ ወዲህ ነዋ። የቦቴ ውሃ አይታመንም። እናንተ እንዳትታመሙብኝ ብዬ።»

በፍቅር የተሠራ ጥፋት ለቁጣም አይመችም። የጅጅጋ ቧንቧ ከደረቀ ሦስት ሳምንቱ ነው፤ የታመሙት የኤረር ግመሎች ደም ለምርመራ የመጣው ከዚያ ወዲህ ነበር። የጤነኞቹን የለካችባቸው ብልቃጦች በቧንቧ ውሃ፣ የታመሙትን የለካችባቸው ግን በዚህ በርሜል ውሃ ነው የታጠቡት።

ሁለት ዓመት ደክማለች። የዲኤንኤ ክሮችን አጣጥፋ፣ በዓይን ቀርቶ በተራ ማይክሮስኮፕ የማትታይ ሳጥን ሠርታ ቀለም ሰካችባት። ሰውነት ሲታመም የሚበዙት ቁጡ የኦክስጅን ዓይነቶች ብዙ ናቸው፤ ሌላው መመርመሪያ ሁሉንም በጅምላ «አሉ» ብሎ ያልፋል። የእሷ ሳጥን ግን ትለያለች፤ ለሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ቀይ፣ ደም በሽታን ሲዋጋ ለሚያመርተው በረኪና መሰል ኬሚካል አረንጓዴ ታበራለች። የታመሙት ግመሎች ብልቃጦች ሁሉ አረንጓዴ በርተዋል። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይህን ለገምጋሚዎች ታቀርባለች፤ ከተቀበሏት ለዶክትሬቷ ወደ ውጭ ትሄዳለች።

አሥራ አንድ ግመል የሞተበት የኤረሩ ሽማግሌ ዋርሳሜም ውጤቱን ሰምቷል። ገና ነው ብትለው እንኳ በሽታው ተገኘ ብሎ ሦስት ግመል ሊገዛ ተነሥቷል።

የቀረችው ለገምጋሚዎቹ ማሳያ ያስቀመጠቻት ሳጥኖቹን የያዘች አንዲት ጠብታ ናት። ሌላ ለመሥራት ክሩ ከውጭ እስኪመጣ ስድስት ወር ይፈጃል። ዝም ብትል ማንም አያውቅም። ይህን በማሰቧ አፈረች።

ጠብታዋን ታጥቦ በማያውቅ አዲስ ብልቃጥ አኖረችና የበርሜል ውሃ ብቻ ጨመረችባት። ብልቃጡን መሣሪያው ውስጥ ስትከት ንጋቷ መጥረጊያዋን ይዛ ከጎኗ ቆመች።

አረንጓዴ በራ።

የሱዕዲ ልብ ስብር አለ። ወዲያው ደግሞ ሳትፈልገው ደስ አላት፤ ሳጥኗ አልዋሸችም። ከበርሜል ሙሉ ውሃ ውስጥ ጥቂቷን በረኪና ለይታ አውቃታለች።

«አበላሸሁብሽ አይደል፣ ልጄ?»

«የለም፤ ሳጥኗስ በትክክል አይታለች። የግመሎቹን በሽታ ግን ገና አላወቅነውም።»

ሪፖርቱን ገለጠች፤ ስለ ታመሙት ግመሎች የሚያወራውን ገጽ በእስክሪብቶ ሰረዘችው። ስምንት ሰዓት ተኩል ሆኗል። ከገምጋሚዎቹ በፊት፣ ሽማግሌው ግመሎቹን እንዳይገዛ ልትነግረው ኤረር ደወለች።

ዋርሳሜ ስልኩን አነሣ። አፏን ሳትከፍት ምርቃቱን ጀመረ፤ ሱዕዲም እስኪጨርስ ጠበቀችው።