ነጩ ለዓሣ፣ ጥቁሩ ለጭቃ

ለዓሣ ከሥሩ ምን ቀለም ቢነጠፍለት ያምራል ተብሎ ቤት ሙሉ ሰው ይጨቃጨቃል ብትሉኝ፣ ወሎ ሳለሁ ቢሆን በሳቅ ፍርስ እል ነበር። እኛ አገር ዓሣ ያለው ሐይቅ ውስጥ ነው፤ ከሥሩ ያለውን ማንም አልመረጠለትም። ካርቱም፣ ጀብራ ሰፈር በሠራተኝነት የተቀጠርኩበት ቤት ግን ሳምንቱን ሙሉ ሌላ ወሬ አልነበረም።

ነገሩ የሚያር ነው። ሚያር የሰባት ዓመት ልጅ ናት። እኔ እዚያ ቤት ከመግባቴ ትንሽ ቀደም ብሎ አያቷ ሓጅ ሲዲግ ሞቱባት። ከዚያ ወዲህ አልበላም፣ አልጫወትም ስትል አባቷ ሓዚም የመስታወት ገንዳና ቀያይ ዓሦች ገዝቶላት መጣ። ከሥር የሚነጠፈውንም ጠጠር ቀይ አድርጎ ገዛው፣ ጎበዝ! ቀይ ዓሣ በቀይ ጠጠር ላይ! ልጅቷ አፍንጫዋን መስታወቱ ላይ ለጥፋ «ዓሦቼም እንደ አያቴ ጠፉ» እያለች ታለቅሳለች። «ነጭ ይሁንልኝ» ትላለች። ሓዚም «አርብ እቀይርልሻለሁ፣ ኢንሻአላህ» ይላል። የሱን ኢንሻአላህ እኔን ጠይቁኝ፤ የወጥ ቤቱ ቧንቧ እስከ ዛሬ በኢንሻአላህ ነው የሚያንጠባጥበው።

እኔ ደግሞ የልጅ ለቅሶ አልችልም። ዕቃ ቤት ስገባ አፉ በነጭ ጨርቅ የታሰረ ጆንያ አየሁ። ስፈታው የወንዝ ጠጠር ነው፤ ነጭም ጥቁርም ድብልቅልቅ ያለ። የግንበኛ ትራፊ መሰለኝ። ምን አለ አንድ ሰው ብጠይቅ! አልጠየቅሁም። እንደ ምስር ትሪ ላይ እያፈሰስኩ ነጭ ነጩን ለቀምኩ፣ ውሃው እስኪጠራ ድረስ አጠብኩና ገንዳው ውስጥ ከቀዩ በላይ አነጠፍኩት። ዓሦቹ ቦግ አሉ። ሚያር አንገቴ ላይ ተጠምጥማ ሳቀች።

ጥቁሩ ተረፈ። ክረምት ስለነበር የግቢው በር ላይ ጭቃው እግር ይውጣል። የሟቹ ባለቤት፣ ሁላችንም ሃቦባ፣ አያቴ፣ የምንላቸው አሮጊት፣ በየቀኑ አመሻሽ ላይ ከዐስር ሶላት በኋላ ጎረቤት ይሻገራሉ፤ ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ሶላታቸውን እንኳ ወንበር ላይ ሆነው ነው የሚሰግዱት። እንዳይወድቁብኝ ብዬ ጥቁሩን ጠጠር በሙሉ ጭቃው ላይ በተንኩት። ሃቦባ ረገጥ ረገጥ አድርገው አዩትና «አላህ ይባርክሽ፣ ያ ቢቲ፣ ልጄ፤ እግሬን አዳንሽው» ብለው መረቁኝ። ያን ቀን ኩራቴ ሌላ ነበር።

ከዚያ በኋላ ሃቦባ ከገንዳው ፊት አይነሱም። አርብ በደረሰ ቁጥር ሓዚም «ያላ እማ፣ ኦምዱርማን አባቴ መቃብር እንሂድ» ይላቸዋል። እሳቸው «ፀሐዩ ይብረድ፣ በሚቀጥለው» ይላሉ፤ ዓሦቹንም እያዩ ይቀመጣሉ።

አንድ ቀን ጎረቤት የምትሠራው፣ ከውሰር የምትባል ያገሬ ልጅ መጣች። ካርቱም ስትኖር ዘመኗ ነው፣ የማታውቀው የለም። ገንዳውን ሳሳያት ጎንበስ ብላ አየችና ፊቷ ተለወጠ።

«ይህን ጠጠር ከየት አመጣሽው?»

«ዕቃ ቤት ካለ ጆንያ። ምነው?»

«ወይኔ ዘሊካ! ጉድሽ ፈላ!» ደረቷን ደቃች። «እዚህ አገር ሰው ሲሞት ለቀስተኛው ተቀምጦ በእያንዳንዱ ጠጠር ላይ ከቁርአን ቁል ሁወላህ ይቀራበታል። ከዚያ መቃብሩ ላይ ይፈሳል። የሟቹ ስንቅ ነው፣ አንቺ ሴት! የሽማግሌውን ስንቅ ለዓሣ ሰጠሽው?»

ጥቁሩ የት እንደገባ ለከውሰር እንኳ አልነገርኳትም።

ከዚያ ወዲህ ከዐስር በኋላ ሃቦባ ጫማቸውን ሲያጠልቁ ቀድሜ በሩ ላይ እቆማለሁ። «በዚያኛው ጠርዝ ይለፉ ሃቦባ፣ እዚህ ያንሸራትታል!» እያልኩ እጮሃለሁ። እሳቸው «አሁን ደህና ሆኗል እኮ፣ ያንቺ ጠጠር አለ» ብለው ቀጥ ብለው ይሄዱበታል፣ ቀርጨጭ ቀርጨጭ እያደረጉ። ያ ድምፅ ጥርሴ ውስጥ ነበር የሚሰማኝ። ሰው ሁሉ ይረግጠዋል፤ ራክሻ የሚሉት ባጃጅ፣ አህያው፣ እኔም ራሴ።

ከዚያ አንድ አርብ ሃቦባ ድንገት «ዛሬ እንሄዳለን፣ ጠጠሩን እናድርስለት» አሉ። ሓዚም ጁምዓ ሊሰግድ ሲወጣ እኔ ባልዲ ይዤ በሩ ላይ ተንበረከክሁ። ጭቃውን በጣቴ እየፈተሽኩ ስለቅም ከኋላዬ ድምፃቸው መጣ።

«ዘሊካ፣ ምን ወደቀብሽ?»

እንባዬ ቀደመኝ። «ሃቦባ፣ ገንዳው ውስጥ ያለው... የሓጅ ሲዲግ ነው። አላወቅሁም ነበር፣ ወላሂ!»

አልተቆጡም። «አውቃለሁ። ገና ያስገባሽው ዕለት ነው ያወቅሁት፤ ቀሪው ጆንያው ውስጥ ነው። ዝም ያልኩት ለራሴ ብዬ ነው። ጠጠሩ ከቤት ከወጣ ሲዲግም ወጣ ማለት ነው። ልጄን በየአርቡ ፀሐይ እያልኩ የዋሸሁት ለዚህ ነው። ስንቁን የከለከልኩት እኔ እንጂ አንቺ አይደለሽም።»

አልሐምዱሊላህ! ደረቴ ላይ የነበረው ድንጋይ ወረደ፤ ጉልበታቸውን ልስም ስጠጋ ግን ባልዲውን አዩት።

«ታዲያ ጭቃ ውስጥ ምን ትለቅሚያለሽ?»

ቀለበቴ ጠፋብኝ ማለት እችል ነበር። ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ፊታቸውን አይቼ አልቻልኩም።

«ለዓሣው ነጭ ነጩን ስመርጥ... ጥቁሩን እዚህ በተንኩት።»

ሃቦባ ቀስ ብለው ወደ እግራቸው አዩ።

«በየቀኑ» አሉ። «በየቀኑ በላዩ እየሄድኩ። አንቺንም መረቅሁሽ።»

ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። ጫማቸውን አወለቁ። ለሱጁድ እንኳ የማይታጠፈውን ጉልበታቸውን አጥፈው ጭቃው ላይ ተቀመጡ፤ ይተዉ ብላቸው አልሰሙኝም። አንዱን ጠጠር ያነሳሉ፣ በተከናነቡት ቶብ ጫፍ ይጠርጉታል፣ ቁል ሁወላህ ይላሉ፣ ባልዲው ውስጥ ያኖሩታል። እኔም እየተከተልኩ ቀራሁ። ሚያር የገንዳውን አፍሳ ይዛ መጣች፤ ማንም ሳያዛት። «ነጩም ይሂድ» አለች። ዓሦቿ ተመልሰው ቀዩ ላይ ጠፉ፤ እሷ ግን አላለቀሰችም።

ከዐስር በኋላ ኦምዱርማን ወስደን መቃብሩ ላይ አፈሰስነው፤ ነጩንም ጥቁሩንም።

አሁን ክረምቱ አልፎ በሩ ደርቋል። ሃቦባ ግን ጎረቤት ሲሻገሩ በሩ ጋ ሲደርሱ ጫማቸውን ያወልቃሉ፤ ምድሩ እየፈጃቸው በባዶ እግራቸው ይራመዳሉ። እኔ ጫማቸውን ይዤ ከኋላ እከተላለሁ። «ሃቦባ፣ ሁሉንም ለቅመናል እኮ» እላቸዋለሁ።

«አንድ ቀርቶ ቢሆንስ?» ይሉኛል።

እኔም ጫማዬን ካወለቅሁ ቆየሁ።